መዋጮ፣ ብድርና የኮሚቴው መዝገብ፦ ስለ ገጠር ልማት ገንዘብ ለጠየቃችሁኝ

በዚህ እትም ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ ለገጠር ኢኮኖሚ ልማት ስለሚመደበው የሕዝብ ገንዘብ። ከጠረጴዛው ወዲያኛው በኩል ተቀምጬ የማኅበራትን ማመልከቻ ሳነብ፣ ሳጸድቅና ስመልስ የኖርኩ ሰው ነኝና መልሴ ላይ የዚያ ወንበር ጠባይ ቢታይበት አይግረማችሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ስድብ ካለባቸው ስድቡን አውጥቼ ጥያቄውን አስቀርቻለሁ።

«ድሆች ነን ብለን ጠየቅን፣ መዋጮ አምጡ ተባልን»

*የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ቦይ ለማሠራት ድጋፍ ጠይቀን በመርህ ደረጃ ተፈቅዶልናል። ነገር ግን ከወጪው የተወሰነውን እናንተ ሸፍኑ ተባልን። ገንዘቡ ቢኖረን ለምን እንጠይቃለን? ጉልበታችንስ እንደ ገንዘብ ይቆጠራል ወይ?*

ይቆጠራል። ካልተመዘገበ ግን አይቆጠርም፤ ብዙ ማኅበር የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ስለ መዋጮው። ገንዘብ ሰጪው መዋጮ የሚጠይቀው ካዝናውን ለመሙላት አይደለም፤ ከእናንተ የሚያገኘው ከጠቅላላው ወጪ ጥቂት ነው። የሚፈልገው ምልክት ነው። ሰው ላልፈለገው ነገር ድንጋይ አይሸከምም። ቦዩን የፈለገው የቢሮው ባለሙያ ብቻ ከሆነ፣ ለቁፋሮው ሰው ሲጠራ ያኔውኑ ይታወቃል።

በዚህ ረገድ ብዙ የሚወራላት ደቡብ ኮሪያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1970 መገባደጃ መንግሥት ከ33 ሺህ ለሚበልጡ መንደሮች፣ ለእያንዳንዳቸው 335 ከረጢት ሲሚንቶ አደለ። ግዴታው ሲሚንቶው ለየቤቱ እንዳይከፋፈልና ነዋሪው ተሰብስቦ በመረጠው የጋራ ሥራ ላይ እንዲውል ነበር፤ ጉልበቱና መሬቱ ከመንደሩ። በሁለተኛው ዙር ጥሩ የሠሩት 16,600 ያህል መንደሮች ብቻ ተመርጠው 500 ከረጢት ሲሚንቶና አንድ ቶን ብረት ጨመረላቸው፤ የቀሩት ምንም አላገኙም። ይህን ታሪክ የሚያወድሱ ሰዎች አንድ ነገር ሲዘሉ እሰማለሁ። ጊዜው የጄኔራል ፓርክ ቹንግ ሂ አገዛዝ ነበር፤ ለመንገድ ማስፊያ መሬታቸውን ያለ ካሳ «በፈቃዳቸው» የሰጡ ገበሬዎች ፈቃዳቸው ምን ያህል ፈቃድ እንደነበር እነሱ ናቸው የሚያውቁት። በመዋጮ ስም ድሃው ቆፍሮ፣ ብዙ መሬት ያለው ደግሞ ውኃውን የሚጠጣበት አሠራር በየትኛውም አገር ሊፈጠር ይችላል። እርስዎ ጋ ሰው ሁሉ እኩል ቀን ይቆፍር ከተባለ፣ ከቦዩ የሚያገኘው ውኃም እኩል ይሁን አይሁን ብለው ስብሰባው ላይ ይጠይቁ። በመሬት ስፋት ልክ ይዋጣ ቢባል ማን ፊቱን እንደሚያጠቁር ወዲያው ያያሉ።

መጠኑን በተመለከተ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት መቶኛ መጠየቅ ትክክል አይመስለኝም። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር እንደ ክሊኒክና እሳት አደጋ ጣቢያ ላሉ የገጠር መገልገያዎች ሲሰጥ በቆየው ድጋፍ መቶኛው በደረጃ የተከፋፈለ ነው። ሕዝቡ ከ5,000 የማይበልጥና የቤተሰብ ገቢው በጣም ዝቅተኛ የሆነ ቦታ ከወጪው እስከ 75 በመቶ ይሸፈንለታል። ሕዝቡና ገቢው ከፍ እያለ ሲሄድ ድጋፉ ወደ 55፣ ወደ 35፣ በመጨረሻም ወደ 15 በመቶ ይወርዳል። የእናንተ ሰጪ እንዲህ ያለ ደረጃ እንዳለው በጽሑፍ ይጠይቁ። ኖሮት ካልነገራችሁ ገንዘብ ጥላችኋል ማለት ነው።

አሁን ወደ መዝገቡ። የጉልበት መዋጮ ሉህ ላይ የሠራተኛው ስም፣ ቀኑ፣ የገባበትና የወጣበት ሰዓት፣ የሠራው ሥራ፣ ፊርማው ወይም የጣት አሻራው ይኑር። የአንድ ቀን ሥራ በስንት እንደሚታሰብ የሚወስነው ብዙውን ጊዜ መርሐ ግብሩ ነው፤ ከመጀመራችሁ በፊት ተመኑን በወረቀት ተቀበሉ። ሉሁ በየዕለቱ ይሞላ። በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሕፈት፣ በአንድ ምሽት የተሞላ ሉህ ከሩቅ ያስታውቃል፤ ላቡ ጠፈፍ ያላለ ሰው የፈረመበት ወረቀት ትንሽ ይቆሽሻል፣ ጥጉ ይተጣጠፋል። የሴቶቹን ቀን ደግሞ ለብቻ አይተው ያረጋግጡ። ውኃና አሸዋ ያመላለሰችው ሴት «አገዘች» ተብላ ሳትመዘገብ ቀርታ፣ ጎኗ የቆመው ባል ሙሉ ቀን ተይዞለት ያየሁት ብዙ ጊዜ ነው።

ድንጋይና አሸዋም ይቆጠራሉ፤ ግን ግንቡ ውስጥ ከገቡ በኋላ የሚለካቸው የለም። ድንጋዩን አራት ማዕዘን አድርጋችሁ ከምሩት፣ ርዝመቱን፣ ወርዱንና ከፍታውን በሜትር ለኩ፣ ሜትሩ እየታየ ፎቶ አንሱ፣ የሰጪው ተወካይ ባለበት ፈርሙ። ከዚያ ግንበኛው ይጀምር።

ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ይኸው፦ ውል ከመፈረሙ በፊት የሠራችሁትን አብዛኛው ሰጪ አይቀበለውም። ጓጉታችሁ ቁፋሮውን ከጨረሳችሁ በኋላ ውሉ ቢመጣ፣ የቆፈራችሁት ጉድጓድ መዋጮ መሆኑ ይቀርና ተራ ጉድጓድ ይሆናል። ቀኑ ሳይደርስ አካፋ አታንሱ።

«ለሌሎች በነጻ፣ ለእኛ በብድር»

*የወጣቶች ኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት ነን። ለወፍጮ ድጋፍ ስንጠይቅ ብድር ውሰዱ ተባልን። ለጤና ኬላው ግን በነጻ ሰጡ። ይህ አድልዎ አይደለም?*

አይደለም። ወፍጮ በየቀኑ ገንዘብ ያስገባል፤ ጤና ኬላ አያስገባም። የሚያስገባው ይበደር፣ የማያስገባው ይደጎም፤ ደንቡ ይኸው ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ።

ብድር ሲባል ድህነትን የሚያባብስ ወጥመድ ብቻ ለሚመስላችሁ አንድ ታሪክ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ መብራት የገባላቸው እርሻዎች ከ10 አንድ ያህል ነበሩ። የግል ኩባንያዎች በተራራቀ ቤት መካከል ምሰሶ መትከል አያዋጣም ብለው ትተውታል። በ1935 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የገጠር ኤሌክትሪክ አስተዳደርን አቋቋሙ፣ በ1936 ሕግ ወጣለት። ድርጅቱ ዋና ሥራው ማበደር ነበር፤ ወለዱ ዝቅተኛ፣ መክፈያው ረጅም። ገበሬዎች አምስት አምስት ዶላር የአባልነት እየከፈሉ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፣ ተበደሩ፣ ምሰሶ ተከሉ፣ የመብራት ሂሳብ እየሰበሰቡ ዕዳቸውን ከፈሉ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ከ10 እርሻ 9ኙ መብራት ነበረው። ከእነዚያ ማኅበራት ብዙዎቹ እስከ ዛሬ በአባሎቻቸው ባለቤትነት ይሠራሉ። ብድሩ ረጅምና ርካሽ ባይሆን ይህ አይሆንም ነበር፤ ስለዚህ እናንተም የምትከራከሩት በብድር መሆኑ ላይ ሳይሆን በወለዱና በመክፈያው ጊዜ ላይ ይሁን። በተለይ የእፎይታ ጊዜውን ተደራደሩ። ወፍጮው ተተክሎ፣ መብራት ተስቦለት፣ ደንበኛ እስኪለምደው ወራት ይሄዳሉ፤ የመጀመሪያው ክፍያ ከዚያ በፊት ከጀመረ የምትከፍሉት ከኪሳችሁ ነው።

ገንዘቡ ተዘዋዋሪ ፈንድ፣ ማለትም አንዱ ሲመልስ ለሌላው የሚበደር ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2001 ከ70 ሺህ ለሚበልጡ መንደሮች ለእያንዳንዳቸው አንድ ሚሊዮን ባት ሰጥታ መንደሩ ራሱ ኮሚቴ መርጦ እንዲያበድር አድርጋ ነበር። የመንደሩ ሕዝብ በዛም አነሰም ገንዘቡ አንድ ነበር፤ ትንሹ መንደር በነፍስ ወከፍ ሲታይ በጣም ተጠቀመ። እንዲህ ያለው ፈንድ የሚፈተነው በመጀመሪያው ተበዳሪ ላይ አይደለም። ሁለተኛው ተራ ጠባቂ ማን እንደሆነ በስም ከታወቀ የመጀመሪያው ይከፍላል፤ ጎረቤቱ በየጠዋቱ ስለሚያየው። ተራው ካልታወቀ ገንዘቡ የመንግሥት ነው ይባላል፣ የመንግሥት ከተባለ ደግሞ መክፈል የሚፈልግ አይኖርም።

«መንገዱ መጣ፣ እድገቱ የት አለ?»

*ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። መንገድ ሲሠራልን ሁሉም ይለወጣል ተብለን ነበር። የተለወጠው አቧራው ብቻ ነው።*

መምህር፣ ተመራማሪዎችም ከእርስዎ ብዙ አልራቁም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2000 በጀመረችው የገጠር መንገድ መርሐ ግብር መንደሮች የሚመረጡት በዋናነት በሕዝብ ብዛት ስለነበር፣ ከመስፈርቱ ትንሽ ከፍ ያሉትን ትንሽ ዝቅ ካሉት ጋር ማነጻጸር ተቻለ። አሸርና ኖቮሳድ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ2020 ያሳተሙት ጥናት ውጤት ይህ ነው፦ ከእርሻ ወጥተው ሌላ ሥራ የያዙ ሰዎች በግልጽ ጨምረዋል፤ በምርት፣ በገቢና በንብረት ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። መንገድ ሰውን ወደ ሥራ ያደርሳል፤ ሥራውን ራሱ ይዞ አይመጣም። የሚቀጥለው ማመልከቻ ሲጻፍ መንገዱን ተከትሎ ምን እንደሚሠራ፣ መጋዘን ይሁን ማቀዝቀዣ ወይስ የጭነት አገልግሎት፣ ተጠይቆ ይጻፍ። ሕመምተኛ ወደ ሐኪም፣ ልጅ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መድረሱን ግን «አቧራ ብቻ» አይበሉት፤ እርስዎ ይህን አያጡትም።

«ሊቀመንበሩ ዘመዶቹን ቀጠረ»

*የፕሮጀክቱን ገንዘብ የያዘው ኮሚቴ በአንድ ቤተሰብ እጅ ነው። ሲሚንቶው የት እንደገባ ስንጠይቅ «ኦዲት ይደረጋል፣ ታገሱ» ይሉናል። ሕዝቡን ሰብስበን ብናስጠይቅ ይሻላል ወይስ ኦዲተሩን እንጠብቅ?*

ሁለቱንም፤ ለየራሳቸው ጉዳይ። ይህን የምለው በግምት አይደለም። ኢኮኖሚስቱ ቤንጃሚን ኦልከን ኢንዶኔዥያ ውስጥ በ608 መንደሮች በሕዝብ ገንዘብ የሚሠሩ መንገዶችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤቱን አሳትሟል። መሐንዲሶች መንገዱን በየቦታው እየቆፈሩ ናሙና አወጡ፤ ውስጡ ያለውን ድንጋይና አሸዋ ለክተው፣ የአካባቢውን ዋጋና ደመወዝ ጠይቀው፣ መንገዱ በእውነት ስንት እንደፈጀ አሰሉ። ከዚያ መንደሩ ካቀረበው ሂሳብ ጋር አስተያዩት። በወረቀት ላይ ኖሮ መሬት ላይ የሌለው፣ የጠፋው ገንዘብ ነው።

ከመንደሮቹ ለተወሰኑት የመንግሥት ኦዲተር ያለ ጥርጥር እንደሚመጣ አስቀድሞ ተነገራቸው፤ በሌሎቹ የመመርመሩ ዕድል 4 በመቶ ገደማ ነበር። ኦዲት እንደማይቀር ያወቁት ጋ የጠፋው ገንዘብ በ8 መቶኛ ነጥብ ያህል ቀነሰ። በሌሎች መንደሮች ደግሞ ነዋሪው በብዛት ወደ ሂሳብ ማቅረቢያ ስብሰባው ተጠራ። በጥቅሉ ሲታይ የስብሰባው ውጤት አነስተኛ ሆነ። ዝርዝሩ ግን ያስተምራል፦ የስብሰባው መጠናከር የቀን ሠራተኛው ደመወዝ እንዳይጠፋ ረድቷል፣ የድንጋይና የአሸዋው ስርቆት ግን አልቀነሰም። ሰው የራሱን ደመወዝ ያሰላል፤ የጋራውን አሸዋ የሚያሰላ ይቸግራል። ለሰብሳቢያችሁ የማይጥም ሌላም ነገር ተገኝቷል። ኦዲት በተነገረባቸው መንደሮች የመሪዎቹ ዘመዶች በፕሮጀክቱ ላይ መቀጠር ጨመረ። በቀጥታ መውሰድ ሲከብድ በቅጥር በኩል ዞረ ማለት ነው።

ስለዚህ የቀን ሠራተኛውን ደመወዝና ቅጥሩን ሕዝቡ ይጠይቅ። ዕቃውን የሚለካ ባለሙያ ከውጭ ይምጣ፤ የሚመጣበትም ቀን ሥራው ሳይጀመር ለኮሚቴው ይነገር። ሥራው ካለቀ በኋላ ድንገት የሚመጣ ኦዲተር ጥፋተኛ ይይዝ ይሆናል፣ ሲሚንቶውን ግን አይመልስም። እስከዚያው ሦስት ወረቀት በጽሑፍ ይጠይቁ፦ የዕቃ ግዢውን ደረሰኞች፣ የመጋዘን ገቢና ወጪ ካርዱን፣ የክፍያ ሉሁን። ደረሰኙ 200 ከረጢት ብሎ የመጋዘን ካርዱ 160 ካለ፣ ጥያቄዎ የስድብ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል፤ የአርባ ከረጢት ጉዳይ ይሆናል።

በሕንድ የገጠር ሥራ ዋስትና እ.ኤ.አ. በ2005 ሲታወጅ የመንደሩ ጉባኤ ራሱ ማኅበራዊ ኦዲት እንዲያደርግ በሕጉ ተጽፎ ነበር፤ የሠራተኞች ስም ዝርዝር በአደባባይ እየተነበበ፣ «ይህ ሰው በዚያ ቀን ሠርቷል?» እየተባለ። የሞተ ሰው ስም ሲነበብ ጉባኤው ዝም አይልም።

የኮሚቴውን አባላት ስብጥር በተመለከተ የአውሮፓውያኑን ልምድ ይጥቀሱላቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊደር የሚባል መርሐ ግብር ጀምረው፣ የገጠር ልማት ገንዘቡን የአካባቢው ሰዎች በተግባር ቡድን ተደራጅተው እንዲመድቡ አድርገዋል። ከ2014 እስከ 2020 በነበረው ደንባቸው መንግሥታዊ አካላትም ሆኑ ማንኛውም አንድ የጥቅም ቡድን ከ49 በመቶ በላይ ድምፅ እንዳይኖረው ተከልክሏል። ቤተሰብ የጥቅም ቡድን ነው ወይስ አይደለም ብሎ የሚከራከርዎት ካለ መተዳደሪያ ደንባችሁ ውስጥ በስሙ ጻፉት፦ ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ፣ ወንድምና እህት በአንድ ኮሚቴ ፈራሚ አይሆኑም።

«ለእርከን ሥራ የሚከፈለን ልማት ነው ወይስ ምጽዋት?»

*በሕዝባዊ ሥራ ተሰልፈን ተራራ ላይ እርከን እንሠራለን፣ እንከፈላለን። ክፍያው ግን ይዘገያል። ባለሥልጣኑ ልማት ይለዋል፣ ጎረቤቴ ምጽዋት ይለዋል።*

ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ትክክል ናቸው። ከእነዚህ መርሐ ግብሮች ታላላቆቹ ሆን ተብለው በሁለት እግር የቆሙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው የኢትዮጵያ ልማታዊ ሴፍቲኔት ሥራ ለሚችል ቤተሰብ ክፍያውን ከእርከን፣ ከመጋቢ መንገድና ከመሳሰሉት ሥራዎች ጋር አያይዞታል፤ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያንና ሕሙማን ደግሞ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። ሥራው የእርሻ ሰዓትን እንዳይሻማ ገበሬው በማያርስባቸው ወራት እንዲሆን ታስቦ ነው የተነደፈው። ዓላማው ቤተሰቡ በክፉ ቀን በሬውን ወይም ላሙን እንዳይሸጥ ማድረግ ነው።

ይህ ዓላማ የሚሰናከለው ደግሞ እርስዎ እንዳሉት በመዘግየት ነው። በሰዓቱ ያልደረሰ ክፍያ በሬውን አያድንም። በሬው ከተሸጠ በኋላ የመጣ ገንዘብ ዕዳ መክፈያ ይሆናል። ቀደም ብዬ ያነሳሁት የሕንዱ የገጠር ሥራ ዋስትና ሕግ ደመወዝ በ15 ቀን ውስጥ እንዲከፈል፣ ከዘገየ ካሳ እንዲታሰብ ደንግጎ ነበር፤ በተግባር ሳይከበር የቀረበት ጊዜ ብዙ ቢሆንም፣ ሠራተኛው ቆጥሮ የሚጠይቅበት ቀን አግኝቷል። እናንተም ቀኑ በጽሑፍ ይታወቅ በሉ። እርከኑ የማን ማሳ በላይ እንደተሠራም አያይዛችሁ ጠይቁ። ተራራው የጋራ ሆኖ ታች ያለው ማሳ የአንድ ሰው ከሆነ ጎረቤትዎ ከሚለው የከፋ ነገር አለ።

«ፕሮፖዛል ጻፊው አሥር በመቶ ጠየቀን»

*ድጋፉ ከተገኘ አሥር በመቶ ለእኔ ካላችሁ በነጻ እጽፋለሁ የሚል ባለሙያ አግኝተናል። እንስማማ?*

አትስማሙ። በብዙ መርሐ ግብሮች ደንብ እንዲህ ያለ ኮሚሽን ከድጋፉ የሚከፈል ሕጋዊ ወጪ አይደለም። አሥር በመቶው የሚወጣው ታዲያ ከሲሚንቶው ነው፤ ደረሰኙም ሐሰተኛ መሆን ይኖርበታል። ማመልከቻውም ላይ ችግር አለው፦ በመቶኛ የሚከፈለው ሰው በጀቱን ማሳበጥ ይጠቅመዋል፣ ያበጠ በጀት ደግሞ ገምጋሚ ፊት የመጀመሪያው መውደቂያ ነው።

ባለሙያ የግድ ካስፈለጋችሁ ለተወሰነ ሥራ በተወሰነ ዋጋ፣ ድጋፉ ተገኘም አልተገኘም ብላችሁ ተዋዋሉ። ከዚያ በፊት ግን ራሳችሁ ሞክሩት። እኔ ማመልከቻ ሳነብ የችግሩን መግለጫ መጨረሻ ላይ ነበር የማነበው፤ ችግሩ በየማመልከቻው ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ የምገልጠው የበጀቱን ሠንጠረዥ ነበር፤ እዚያም የማየው ጥገና የሚል መስመር መኖሩን፣ ከጎኑም የከፋዩን ስም ነው። ፓምፕ ከጠየቃችሁ ውኃ እንዳያፈስ የሚይዘውን ጎማ ማን እንደሚቀይር፣ ዕቃው ከየት እንደሚገዛ፣ ገንዘቡ ከየትኛው ወርሃዊ መዋጮ እንደሚወጣ፣ ሰብሳቢው ማን እንደሆነ ጻፉ። ይህን ለመጻፍ አሥር በመቶ የሚወስድ ሰው አያስፈልጋችሁም፤ ይህን የሚያውቀው ከእናንተ ሌላ ማንም የለምና።